ሃያ ሁለት ትከሻ

አያ ካሳ የቃሬዛ ዳኛ ናቸው፤ ይህ ደግሞ በወይራ ሜዳ ቀላል ሹመት አይደለም። የቀበሌ ሊቀ መንበር ይሾማል ይሻራል፤ የቃሬዛ ዳኛ ግን አንዴ ከተመረጠ ጉልበቱ እስኪከዳው ድረስ ዳኛ ነው። መኪና የሚገባበት መንገድ የለምና፣ ሰው ሲታመም ወይም ሴት ምጥ ሲጸናባት፣ ወገዳ ከተማ ካለው ሐኪም ቤት የሚደረሰው በሰው ትከሻ ነው። አራት ሰው ይሸከማል፣ ሌላው ይከተላል። አራቱ ሲደክሙ ሌሎች አራት ይቀበላሉ። የት ላይ ማን ማንን እንደሚቀበል የሚወስኑት አያ ካሳ ናቸው፤ ከፊት ከፊት እየሄዱ መቀበያው ቦታ ሲደርሱ ዱላቸውን ከፍ አድርገው ይጣራሉ።

«ሦስተኛ! ተቀበል!»

ይህ አንድ ቅብብል አንድ ትከሻ ይባላል። ከወይራ ሜዳ ወገዳ ሃያ ሁለት ትከሻ ነው። ዳገት ላይ ትከሻው ያጥራል፣ ሜዳ ላይ ይረዝማል፤ መቀበያዎቹ ግን ከአባት የተረከቧቸው ናቸውና አይለወጡም። በየአንዳንዱ ላይ ድንጋይ ተቆልሏል።

ሌላም ሥርዓት አላቸው። በመንገድ ላይ ሰው ያረፈበት ትከሻ፣ የሟቹ ቤተሰብ ባለበት ቁጥሩ አይጠራም። ዝም ብለው ይቀባበላሉ፣ ዝም ብለው ያልፋሉ። በአሥራ ስድስተኛው ትከሻ፣ ቆቅ ወንዝ ዳር ያረፈችው የአያ ካሳ ባለቤት ፈትለወርቅ ናት። ጠሪውም እሳቸው፣ ሐዘንተኛውም እሳቸው ስለሆኑ፣ ያ ቁጥር እነሆ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ተጠርቶ አያውቅም። አሥራ አምስተኛ ይላሉ፣ ወንዙ ዳር ዝም ይላሉ፣ ከማዶ አሥራ ሰባተኛ ይላሉ። ከአዲሶቹ ጎረምሶች አንዳንዶቹ የወይራ ሜዳ ቁጥር ከአሥራ አምስት ወደ አሥራ ሰባት የሚዘል ይመስላቸዋል። ማንም አላረማቸውም።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ጥቅምት ነው። የአያ ካሳ ልጅ ምስራቅ ጳጉሜን ላይ ሴት ልጅ ተገላገለች፤ ወገዳ፣ አክስቷ ቤት ተቀምጣ። ስምንተኛ ወሯ እንደገባ ወስደው እዚያ ያስቀመጧት አባቷ ራሳቸው ናቸው። እናቷ በምጥ የሄደችበትን መንገድ ልጅቱም በምጥ እንድትሄድበት አልፈለጉም። ወገዳ አክስት የሌላት ሴትስ ምን ትሁን? ከወይራ ሜዳ ሴቶች አብዛኞቹ ደግሞ ወገዳ ዘመድ የላቸውም።

እናም ለሕፃኗ የልደት ምስክር ወረቀት ማውጣት አስፈለገ። አያ ካሳ ለዚህ ጉዳይ ብለው የሦስት ቀን በሶ ቋጥረው ነበር የሄዱት። ልምዳቸው ነው። የሚያውቁት መንግሥት በር ያለው ነው፤ በሩ ላይ ዘበኛ፣ ከዘበኛው ኋላ ጸሐፊ፣ ከጸሐፊዋ ኋላ ደግሞ «ስብሰባ ላይ ናቸው» የሚባሉ ሰው አሉበት። ለአንድ ማኅተም ሦስት ቀን ከበቃ ተመስገን ነው።

ወገዳ ባለው አገልግሎት መስጫ ውስጥ ግን ዘበኛው «ይግቡ አባቴ» አላቸው፤ ይህ ራሱ አጠራጠራቸው። ውስጥ ብሩክታዊት የምትባል የእስቴ ልጅ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጣለች። ስም ጠየቀች፣ የተወለደችበትን ቀን ጠየቀች፣ የእናትና የአባት መታወቂያ ተቀበለች፣ ጣቶቿን አርገበገበች። ከጎኗ ያለው ማተሚያ እርር አለና አንድ ወረቀት ተፋ።

«ይኸው አያ ካሳ፣ ጨርሰዋል።»

«ምኑን?»

«የልጅቱን ወረቀት።»

አያ ካሳ ወረቀቱን ተቀበሉና አገላበጡት። «ነገ ይምጡ የሚለኝስ?»

«ነገ ለምን ይመጣሉ?»

«ማኅተሙስ? ማን ፈረመው?»

ብሩክታዊት ወረቀቱ ጥግ ላይ ያለችውን ጥልፍ የመሰለች ጥቁር አራት ማዕዘን አሳየቻቸው። ስልኳን አውጥታ ከላዩ ላይ ስትይዘው የልጅቱ ስም ከነእናቷና ከነአባቷ ስልኩ ላይ ብቅ አለ። አያ ካሳ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። የሁለት ወር ሕፃን ናት፤ ገና አንገቷን በወጉ አልቻለችም፤ መንግሥት ግን ያውቃታል። የቋጠሩት በሶ ላይ እጃቸውን አሳርፈው ተቀመጡ።

ተነሥተው ቢሄዱ ኖሮ ይህ ታሪክ እዚህ ያልቅ ነበር። ብሩክታዊት ግን ጨዋታ ወዳድ ናት፤ ያን ዕለት ደግሞ ባለጉዳይ አልበዛም።

«የየት ቀበሌ ነኝ አሉኝ?»

«የወይራ ሜዳ።»

«እስቲ ቆይ። የገጠር መንገድ ረቂቅ እቅድ ወጥቷል፤ ሕዝቡ አስተያየት ይስጥበት ብለው ድረ ገጹ ላይ አውጥተውታል። የእናንተን ልፈልገው።» በጣቷ ወደ ታች ወደ ታች አወረደችው። «አገኘሁት። ወይራ ሜዳ። እስከ ሐኪም ቤት ያለው ርቀት፣ ሰባት ኪሎ ሜትር። ደረጃ፣ ሦስተኛ።»

«ሦስተኛ ደግ ነው?»

ብሩክታዊት ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አንደኛዎቹና ሁለተኛዎቹ ተሠርተው ካለቁ በኋላ ማለት ነው። ዐሥር ዓመትም ሊሆን ይችላል፤ ቅርብ ስለሆናችሁ ነው።»

አያ ካሳ መጀመሪያ ሳቁ። ወዲያው ግን ፊታቸው ጠቆረ።

«ሰባት? ማነው የለካው፣ ጭልፊት ነው?»

«በካርታ ቀጥ አድርገው ለክተውት ይሆናላ።»

«ቀጥ አድርገው! እኛ በሽተኛ ይዘን ቀጥ ብለን እንብረር? ገደሉስ? ወንዙስ? ልጄ፣ ሃያ ሁለት ትከሻ ነው! ጎህ ሲቀድ ተነሥተን፣ ቀን ከወጣልን፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ነው የምንደርስ!»

«ታዲያ ይንገሯቸዋ።»

«ለማን?»

«ለእነሱ። ረቂቁን ለጻፉት። እዚህ ላይ» አለችና በጣቷ አንድ ባዶ ሣጥን አሳየቻቸው። «እርስዎ ይናገሩ፣ እኔ እጽፋለሁ። ሊዘጋ አራት ቀን ነው የቀረው።»

አያ ካሳ ሣጥኑን አዩት፤ ነጭ ነው፣ ውስጡ አንዲት ቀጭን መስመር ብልጭ ድርግም ትላለች። የምትጠብቃቸው መሰላቸው። በሕይወታቸው መንግሥት ብዙ ነገር ነግሯቸዋል፤ ግብር ክፈሉ ብሏል፣ እርከን ሥሩ ብሏል፣ ተሰብሰቡ ብሏል። ምን ይመስልሃል ብሎ ጠይቋቸው ግን አያውቅም። 

ቀስ ብለው ተነሡ። ባርኔጣቸውን አወለቁ። ጋቢያቸውን ዳኛ ፊት እንደሚቆም ሰው አደገደጉና ዱላቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ።

«ተቀምጠው ይናገሩ እንጂ አያ ካሳ።»

«ኧረ አይሆንም።» ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ጻፊ። ለተከበራችሁ፣ ለታላቁ መንግሥታችን መንገድ አጥኚዎች፣ በያላችሁበት የእግዚአብሔር ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ከብቶቻችሁ፣ ልጆቻችሁ፣ አዝመራችሁ እንደምን ከርሟል? እኔ ከነቤተሰቤ፣ ከነጎረቤቶቼ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ዘንድሮ ገብሱ ደኅና ነው፣ ባቄላውን ግን ዋግ…»

«አያ ካሳ፣» አለች ብሩክታዊት ከንፈሯን ነክሳ፣ «የሣጥኑ ልክ ሁለት ሺህ ፊደል ነው። ሰላምታው ሊጨርሰው ነው።»

«ሰላምታ ሳላቀርብ ዘልዬ ጉዳዬን ልናገር? የማን ባለጌ ነው ይበሉኝ?»

ከብዙ ክርክር በኋላ ተስማሙ፤ ከብቶቹና አዝመራው ተሰረዙ፣ የእግዚአብሔር ሰላምታ ግን አልተነካም። ከዚያ አያ ካሳ ዓይናቸውን ጨፍነው መንገዱን ይሄዱት ጀመር። አንደኛው ትከሻ ከጊዮርጊስ በር እስከ ትልቁ ዋርካ፣ ሜዳ ነው፣ አይከብድም። አራተኛው ድንጋያማ ነው፣ ክረምት ላይ ያዳልጣል። ስምንተኛው አፋፍ ነው፣ ነፋሱ ቃሬዛውን ስለሚያዞረው ሁለት ሰው ተጨምሮ በገመድ ይይዛል። አሥራ ሁለተኛው ቁልቁለት ነው፤ የፊተኞቹ ቃሬዛውን እላይ ይሸከሙታል፣ የኋለኞቹ ዝቅ ብለው በክንዳቸው ይይዙታል፤ ካልሆነ በሽተኛው በእግሩ በኩል ይንሸራተታል። ሁሉንም አንድ ባንድ ተናገሩ። ብሩክታዊት ቀና ብላ አላየቻቸውም፤ ጣቷ እስኪዝል ትጽፋለች።

«አሥራ አምስተኛው፣ ከቁልቁለቱ ግርጌ እስከ ወንዙ ሾላ።»

ዝም አሉ። እጃቸው ዱላቸውን ፍለጋ ወደ ጎን ተንቀሳቀሰና አጣው።

«አሥራ ሰባተኛው፣ ከማዶ ካለው ቀይ ዳገት እስከ በረቱ።»

እንዲህ እያሉ ሃያ ሁለተኛው ላይ፣ ሐኪም ቤቱ በር ደረሱ። ዓይናቸውን ሲገልጡ ላብ አጥምቋቸው ነበር። ብሩክታዊት «መላኩን እርስዎ ይጫኑት» ስትላቸው አማተቡና ጠቋሚ ጣታቸውን በጣም በቀስታ፣ እንቁላል የሚነኩ ይመስል አሳረፉት። ሣጥኑ ጠፋ። በቦታው «አስተያየትዎ ደርሶናል፤ ቁጥር 341» የሚል መጣ።

«ደረሰ? አሁን? እኔ እዚህ ቆሜ?»

«ደርሷል። ይኸው ይዩት፣ ከሌሎቹ ጋር ነው።»

ከእሳቸው በላይ አንዲት የእስቴ ሴት ድልድይ ፈርሶብናል ብላለች። ከእሷ በላይ አንድ የአርብ ገበያ ነጋዴ የአህያ መንገድ እንዲሰፋ ጠይቋል። ከእሱ በላይ ከሰቆጣ፣ ከደብረ ብርሃን፣ ሰምተዋቸው ከማያውቋቸው አገሮችም የጻፉ አሉ። አያ ካሳ ቀስ እያሉ፣ በመሠረተ ትምህርት ዘመን በተማሩት ፊደል እያንዳንዱን አነበቡ። ይህ ሁሉ ሰው በአንድ አደባባይ ቆሞ፣ ማንም ማንንም ሳይገፋ፣ ሳይጮህ፣ ተራውን ጠብቆ ይናገራል። እንዲህ ያለ ሸንጎ አይተው አያውቁም። ሲወጡ የቋጠሩትን በሶ ለብሩክታዊት ትተውላት ሄዱ፤ ከእንግዲህ ለምን ይሸከሙታል።

ወይራ ሜዳ ሲደርሱ ግን ዓባይ ጠበቃቸው። ዓባይ ከቃሬዛ ማኅበሩ ትከሻው የታመነ፣ ምላሱ ግን ያልታመነ ሰው ነው፤ የሆነውን ሲነግሩት አላስጨረሳቸውም።

«ምነው አያ ካሳ፣ ለሣጥን ነው የነገሩት? ሃያ ሁለቱንም? ሣጥኑ ምን አለዎት፣ ነፍስ ይማር አለ?»

«341 አለኝ።»

«341! በሉ እንግዲህ፣ በ341ኛው ዓመት መንገዱ ይመጣል!» አለና መንደሩን ሁሉ አሳቀ። አያ ካሳም አብረው ሳቁ፤ ማታ ግን ቁጥሩን በልባቸው ይዘው ተኙ።

በዘጠነኛው ቀን፣ ገብስ እየወቁ ሳሉ ኪሳቸው ውስጥ ስልካቸው ነዘራቸው። አውጥተው ፊደሉን ለቀም ለቀም አደረጉ። «በቁጥር 341 የሰጡት አስተያየት ላይ ጥያቄ አለ። ድረ ገጹን ይመልከቱ» ይላል።  መንግሥት ጥያቄ አለኝ ሲል ደግ ነገር ሆኖ አያውቅም። ያጠፉት ምንድን ነው? ጭልፊት ያሉት ተጽፎ ይሆን? ለዓባይም ሳይናገሩ በማግስቱ ብቻቸውን ሃያ ሁለቱን ትከሻ ወረዱ፤ ቆቅ ወንዝን ሲሻገሩ እንደ ልማዳቸው ወደ ሾላው አላዩም።

ብሩክታዊት ገጹን ከፈተችና እሷም ለራሷ አንድ ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ወንበሯን ወደ እሳቸው አዙራ ቀስ ብላ ታነብላቸው ጀመር።

«ጤና ይስጥልኝ አቶ ካሳ። የጻፉትን ከካርታው ጋር እያስተያየሁ ሦስት ጊዜ አነበብሁት። ብዙ ተምሬበታለሁ፤ አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎት። ሃያ ሁለት ትከሻ ብለዋል፣ እኔ ስቆጥር ግን ሃያ አንድ ነው የሚሆነው። ከአሥራ አምስተኛው ቀጥሎ የተጻፈው አሥራ ሰባተኛው ነው። አሥራ ስድስተኛው ተረስቶ ነው ወይስ እዚያ ምን አለ? በእኔ ካርታ ላይ የሚታየው አንድ ቀጭን ሰማያዊ መስመር ብቻ ነው። ሰውነት ፍሬው፣ የጥናት ባለሙያ።»

ብሩክታዊት ደነገጠች። «የእኔ ስሕተት ሳይሆን አይቀርም አያ ካሳ፣ ዘልዬው ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

አያ ካሳ ወደ ኮምፒውተሩ ጎንበስ አሉ። 

«ቆጠረው?» አሉ።

«ቆጥሮታል።»

«አንድ ባንድ?»

«አንድ ባንድ።»

ማን እንደሆነ የማያውቁት ሰው፣ የት እንዳለ የማያውቁት ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ፣ ከ340 ሰው ቃል መካከል የእሳቸውን አውጥቶ፣ ጣቱን እያሳረፈ፣ አንደኛ ሁለተኛ እያለ ከጊዮርጊስ በር ጀምሮ አብሯቸው ተጉዟል። ሾላው ሥር ደርሶ ቆሟል። እዚህ ምን አለ ብሏል። ወይራ ሜዳ ላይ ሁሉም ስለሚያውቅ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ማንም አልጠየቃቸውም፤ ይህ ሰው ስላላወቀ ጠየቃቸው። አያ ካሳ ከሰው ፊት አልቅሰው የማያውቁ ሰው ናቸው፤ ያን ቀን ግን ለብሩክታዊት ጀርባቸውን ሰጥተው ቆመው ብዙ ቆዩ።

ሲዞሩ «ወረቀትና እስክሪብቶ አለሽ?» አሏት።

ሰጠቻቸው። በአፋቸው ሊሉት አልቻሉም እንጂ እጃቸው ይችላል። ጠረጴዛው ጥግ ላይ ጎንበስ ብለው፣ ፊደሉን እየሳሉ፣ እያረፉ ጻፉ። ሰዓት ተኩል ፈጀባቸው። ሁለት ባለጉዳይ ገብቶ ወጣ። ሲጨርሱ ወረቀቱን ገፋ አደረጉላትና ባርኔጣቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። ብሩክታዊት አንዲት ፊደል ሳትለውጥ ገለበጠችው።

«አልተረሳም። ልጅቱም አልዘለለችውም። አሥራ ስድስተኛው ቆቅ ወንዝ ነው። ውኃው ጉልበት ሲያልፍ ቃሬዛ አይሻገርም። ዳር ላይ አስቀምጠን እስኪጎድል እንጠብቃለን። ባለቤቴ ፈትለወርቅ በሐምሌ በምጥ ይዘናት ስንሄድ እዚያ ቆምን። ከጥዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠበቅን። ወገዳ ከማዶ ትታየን ነበር። ውኃው ሲጎድል እሷ የለችም። ልጁም የለም። ስለዚህ ቁጥሩን አልጠራውም። ሌላም ሦስት ሰው እዚያው አርፏል፤ ስማቸውን ቤተሰባቸውን ሳላስፈቅድ አልናገርም።»

ብሩክታዊት ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገች። ገጹ አንድ ነገር ይጠይቃል፤ መልስዎ ለሕዝብ ይታይ ወይስ ለባለሙያው ብቻ?

«ለእሱ ብቻ ላድርገው አያ ካሳ?»

አሰቡ። የፈትለወርቅ ስም የተጻፈበት ቦታ አያውቁም። መሬቱ በእሳቸው ስም ነው፤ መታወቂያ ሳታወጣ ነው የሄደችው። የጊዮርጊስ ቄስ በጸሎት የሚያነሷት ደግሞ በክርስትና ስሟ ነው።

«ይታይ» አሉ።

ላከችው። የባለቤታቸው ስም፣ ከሰቆጣውና ከደብረ ብርሃኑ ሰው ቃል መካከል፣ ጥቁር በነጭ ሆኖ ወጣ። አያ ካሳ ተነሥተው ቆሙለት።

ከዚያ በኋላ ኅዳር አለፈ፣ ታኅሣሥ አለፈ። ዓባይ «341 እንዴት ከረመ?» ማለቱን አልተወም። ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ብሩክታዊት ደወለች። «አያ ካሳ፣ የተሻሻለው ረቂቅ ወጥቷል። ይምጡ፤ በስልክ አልነግርዎትም» አለች። ምስራቅም ልጇን ለማስከተብ ትወርድ ነበርና ሕፃኗን አዝላ አብራቸው ሄደች።

ብሩክታዊት ገጹን ከፍታ ጠብቃቸዋለች። አላነበበችላቸውም። ወንበሯን ለቀቀችና «እርስዎ ያንብቡት» አለቻቸው። አያ ካሳ ጣታቸውን የኮምፒውተሩ መስታወት ላይ አሳርፈው ፊደል በፊደል ተጓዙ፤ መስታወቱን አይንኩ አላለቻቸውም።

«ወይራ ሜዳ። ርቀት፣ በካርታ ሰባት ኪሎ ሜትር፤ በእግር… በእግር ሃያ ሁለት ትከሻ።»

ቀና ብለው አዩዋት። «ትከሻ ብለው ጻፉት?»

«ከሥር ይዩ።»

ከሠንጠረዡ ሥር በትናንሽ ፊደል እንዲህ ተጽፏል፦ ትከሻ ማለት አራት ሰው በሽተኛ በቃሬዛ ተሸክሞ ሳይፈራረቅ የሚሄደው መንገድ ነው። በካርታ የማይታየውን የመንገዱን ክብደት ስለሚያሳይ፣ በዚህ እቅድ መኪና ለማይገባባቸው ቀበሌዎች ሁሉ እንደ መለኪያ ይያዛል።

«ለሁሉም?» አለች ምስራቅ ከኋላቸው።

«ለሁሉም» አለች ብሩክታዊት። «አስተያየት ሰጪዎቹን መልሰው ጠይቀዋቸዋል። የእስቴዋ ሴት አሥራ አራት ትከሻ ብላለች። ከሰቆጣ ሠላሳ አንድ ያለ አለ። የእኔ እናት አገር እንኳ ዘጠኝ ተብሎ ተጽፏል፤ እኔ ራሴ አላውቅም ነበር።»

 አባታቸውና የአባታቸው አባት ድንጋይ እየቆለሉ የለኩት መለኪያ፣ ከወይራ ሜዳ ውጭ ሰው የማያውቀው፣ የትም ያልተጻፈ ነገር፣ እነሆ መንግሥት አገር ይለካበታል። የሰቆጣ ሰው ሠላሳ አንድ ብሎ በእሱ ተናገረ። አያ ካሳ ጣታቸውን ወደ ቀጣዩ ረድፍ አሳለፉ።

«ደረጃ፣ አንደኛ። ድልድይ…» ቆሙ። ምስራቅ ጠጋ ብላ በትከሻቸው ላይ አየች። ድምፅዋ ተሰብሮ፣ የቀረውን እሷ አነበበችላቸው። «ድልድይ፣ አሥራ ስድስተኛው ትከሻ ላይ።»

ሕፃኗ በእናቷ ጀርባ ላይ ሆና እጇን ወደ መብራቱ ሰደደች። 

እውነቱን ለመናገር ይህ እቅድ ነው እንጂ ድልድይ አይደለም። ድንጋይ አልተፈነቀለም፣ ሲሚንቶ አልመጣም፤ ብሩክታዊትም ይህንኑ አልደበቀችም፤ በጀት ሲጸድቅ፣ ጨረታ ሲወጣ፣ ክረምቱ ሲያልፍ አለች። አያ ካሳ ሁሉንም ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ። ብዙ የተባለና ያልሆነ ነገር አይተዋል። ቢሆንም ያን ገጽ በወረቀት አሳትመው፣ አጥፈው፣ ደረት ኪሳቸው ከተው ነው የተመለሱት።

መጋቢት ላይ ዓባይ ጭድ ሲከምር ከክምሩ አናት ወደቀና እግሩ ተሰበረ። ያን ሁሉ ሰው ሲሸከም የኖረ ሰውዬ በተራው ቃሬዛ ላይ ወጣ። ከባድ ነው፤ ምላሱ ደግሞ አልተሰበረም።

«ቀስ በሉ እናንተ! አንደኛ ደረጃ የወጣለት አገር ሰው ነው የተሸከማችሁት! አያ ካሳ፣ 341ን ደውለው መኪና ይላኩልኝ ይበሉልኝ እንጂ!»

ተሸካሚዎቹ እየሳቁ፣ እየተራገሙት ሄዱ። አያ ካሳ ከፊት ሆነው ይጠራሉ፤ ስምንተኛ፣ አሥራ ሁለተኛ፣ አሥራ አምስተኛ። ቁልቁለቱ አለቀና ሾላው ታየ። እንደ ሥርዓቱ ሳቁ በረደ። ዓባይም ዝም አለ። ተቀባዮቹ አራት ጎረምሶች ድምፅ ሳያሰሙ ጠጋ ብለው እጃቸውን ከቃሬዛው እንጨት ሥር አስገቡ።

አያ ካሳ ከተቆለለው ድንጋይ አጠገብ ቆሙ። ዱላቸውን አነሡ። እዚህ ቦታ ዱላ አንሥተው አያውቁም ነበርና ጎረምሶቹ ግራ ገባቸው።  ደረታቸው ላይ ያለችውን ወረቀት በግራ እጃቸው ያዙ።

«አሥራ ስድስተኛ!»

ድምፁ ገደሉ ላይ ሄዶ ተመለሰ። ከተሸካሚዎቹ አንዱ ሊደናቀፍ ምንም አልቀረው። ዓባይ ከቃሬዛው ላይ ጭንቅላቱን ቀና አድርጎ አያቸውና፣ ያ የማይዘጋ አፍ ምንም ሳይናገር ባርኔጣውን አወለቀ። ከጎረምሶቹ አንዱ፣ ቁጥሩ ጨርሶ የሌለ ይመስለው የነበረው፣ ፈራ ተባ እያለ ጠየቃቸው።

«አያ ካሳ፣ ምን አሉ?»

«አሥራ ስድስተኛ ነው ያልሁት። ተቀበል!»

ተቀበሉ። ውኃው ቁርጭምጭሚት አይደርስም ነበር። አያ ካሳ መጀመሪያ ገቡ፣ ቃሬዛው ተከተላቸው፤ ከማዶ ወጡና አሥራ ሰባተኛውን ጠሩ።